ከበርበሬው ሥር ያስቀመጥኩልሽ ደብዳቤ

ልጄ፣

ይህን ስታነቢ ሪያድ ገብተሻል። ሻንጣሽ ውስጥ ከበርበሬው ሥር የሸጎጥኩት ፊት ለፊት ልነግርሽ አፌ እምቢ ቢለኝ ነው።

ቤይሩት ሦስት ዓመት እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። የምታውቂው ግን በስልክ ያወራሁትን ነው። «ደህና ነኝ፣ ማዳሟ ጥሩ ሰው ናት» እል ነበር። እውነትም ማዳሟ ክፉ አልነበረችም። ወንድሟ ነው። የምተኛው ከኩሽናው ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነበር፤ በሯ ቁልፍ የለውም። ማታ ማታ የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ በሩ ላይ አስደግፌ እተኛለሁ። አንድ ሌሊት ጠረጴዛው አልያዘውም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለማን ልንገር? ፓስፖርቴ ማዳሟ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያቅፍም። ከፋላ የሚሉት ደግሞ መኖሪያ ፈቃድሽን ከአሠሪሽ ጋር አስሮታል። ጠፍተሽ ከወጣሽ ሕገወጧ አንቺ ነሽ። እሱ ቤቱ ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል።

አገሬ ከገባሁ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ላይ አንዲት እህታችን እየተጎተተች መኪና ውስጥ ስትከተት በቪዲዮ አየሁ። ብዙም ሳትቆይ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። አባትሽ ለቅሶዬን አይቶ «ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለኝ። «አላውቃትም» አልኩት።

አንቺ በውል ነው የሄድሽው፣ ደግ ነው። ሳውዲም የሠራተኛ ፓስፖርት መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ግን አሠሪሽ «ጠፋች» ብሎ ካመለከተ «ሁሩብ» ትባያለሽ፤ ያኔ ተፈላጊዋ አንቺ ነሽ። ስለዚህ የውሉንና የፓስፖርቱን ፎቶ ዛሬውኑ ላኪልኝ። የኤምባሲውን ስልክ በቃልሽ ያዢው፤ ሞባይልሽን ሊቀሙሽ ይችላሉ። አያድርስና አንዱ ከደፈረሽ ሐኪም ጋ ለመድረስ አትዘግዪ፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም።

ያን ሌሊት በማግስቱ «መልሱኝ» ያላልኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ? ለቆርቆሮው ነው። ዝናብ ሲመታው ደስ ይለኛል የምትዪው ያ ቆርቆሮ። እኔ እንኳ ድምፁን አልወደውም። አንቺ ባዶ እጅሽን ብትመጪ ለጎረቤት የምለውን አላጣም።

ስትደውዪ አባትሽ አጠገቤ ሆኖ ካፈርሽ «በርበሬው አለቀ» በይኝ። የስድስት ወር ነው የቋጠርኩልሽ።

እናትሽ