ቤት ለእምቦሳ ከመባሉ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የቤት ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም፣ ወለድ ወጣ ወረደ፣ ዳውን ፔይመንት ስንት ይበቃል፣ ኮንዶ ይሻላል ታውንሃውስ ምናምን፣ ጥሩ ነው፣ ጠቅሞናልም። ግን ቤት ስለሚያሠራ ሰው ስትጽፉ አይቼ አላውቅም። ያው አብዛኛው ሰው የተሠራ ነው የሚገዛው ትሉ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ግን ከዴንቨርና ከኦሮራ ወጣ ብለው ተራራው ላይ መሬት የያዙ የማውቃቸው ያገር ልጆች አሉ፣ ሁሉም ስለ መሬቱና ስለ እንጨቱ ዋጋ ጠያይቆ ጨርሷል፣ ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን የሚጠይቅ የለም። እኛ አሁን እዛው ላይ ነን። ፓርክ ካውንቲ ውስጥ ወደ 9,300 ጫማ ላይ (ከፍታው የደብረ ብርሃን ያህል ነው፣ ብርዱ ግን አይገናኝም) የግንድ ቤት፣ እዚህ ሎግ ሆም የሚሉትን፣ ጨርሰን ልንገባ ነው። እና የግንድ ቤት አለቀ ማለትና ይገባበታል ማለት ለየቅል ነው። መሃል ላይ ያለውን ጊዜ ሰው ሁሉ ይቸኩልበታል፣ ገንዘብም የሚበላው እዛ ላይ ነው።

የሚያስቸኩለው ደሞ ቤተሰብ ነው። ምረቃው መቼ ነው፣ ትኬት እንቁረጥ ወይ፣ ካህኑ ቀጠሮ ይፈልጋሉ፣ በቃ መከራ ነው። አክስቴ አዲስ አበባ ናቸው፣ በቪዲዮ እየዞርኩ ሳሳያቸው "አንተ ልጅ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደህ ግድግዳህን በእንጨት? ብሎኬት ጠፍቶ ነው?" አሉኝ። "እትዬ፣ ይምርሐነ ክርስቶስም እኮ እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ ነው የተሠራው፣ ይኸው ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል" ብላቸው "እሱ ዋሻ ውስጥ ነው፣ ዝናብ አይመታውም፣ ያንተን ማን ይከልልልሃል?" ብለው አፌን አስያዙኝ።

እውነታቸውን ነው። የግንድ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው፣ ስለዚህ ዋሻውን ራስህ ነህ የምትሠራው፣ ማለት ክፈፉ ሰፋ ብሎ ከግድግዳው መራቅ አለበት፣ አሸንዳው መሥራት አለበት፣ የታችኛው ግንድ ከመሬት ከፍ ብሎ መሠረት ላይ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ሲቀልጥ ፍንጣቂው እንዳይደርስበት። ግንዱ ደሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል፣ ችግር የለውም፣ አቅሙን አይቀንስም። ወደ ላይ አፉን የከፈተ ስንጥቅ ብቻ ውሃ ስለሚይዝ ይደፈናል፣ ወደ ታች የሚያየውን ተወው። በግንድና በግንድ መሃል ያለው ምርጊት (ቺንኪንግ) ድሮ ጭቃና ኖራ ነበር፣ አሁን የሚሳብ ላስቲክ መሰል ነገር ነው፣ ግንዱ ሲንቀሳቀስ አብሮ እንዲለጠጥ። የውጪው ስቴይን (እንጨቱን የሚጠብቀው ቅብ) በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ፀሐይ በሚበዛበት በደቡቡ ግድግዳ በኩል ቶሎ ቶሎ፣ ይሄን ወጪ ከአሁኑ በጀት ውስጥ ያላስገባ ሰው በኋላ ይናደዳል።

አሁን ወደ ዋናው። የግንድ ቤት ይወርዳል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል፣ በወርዱ ነው የሚኮማተረው፣ ግድግዳው ደሞ የተጋደሙ ግንዶች ስለሆነ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲኮማተር ግድግዳው በሙሉ ቁልቁል ይወርዳል። እርጥብ እንጨት ከሆነ ለአንድ ጫማ ቁመት እስከ ሦስት ሩብ ኢንች ይታሰባል፣ የ8 ጫማ ግድግዳ ስድስት ኢንች ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። መስኮቱ ግን አይወርድም፣ በሩም አይወርድም፣ የቆመው ምሰሶም ቁመቱ ያው ነው። ስለዚህ ከየመስኮቱ መቃን በላይ ክፍተት ይተዋል፣ ለስላሳ ነገር ይወተፍበትና በጣውላ ይሸፈናል፣ ጣውላው የሚመታው ላይ ካለው ግንድ ጋር ብቻ ነው፣ ግድግዳው ሲወርድ መቃኑ ፊት ለፊት እየተንሸራተተ እንዲያልፍ። ምሰሶዎቹ ላይ ደሞ ክሪክ አለ፣ ወፍራም ብሎን ነው፣ ቤቱ በወረደ ቁጥር በመፍቻ እያዞርክ ምሰሶውን ዝቅ ታደርገዋለህ። ይሄ የአንድ ሰሞን ሥራ አይደለም፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት በሙሉ እየታየ ይስተካከላል።

ይሄን የማያውቅ አናጢ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የእኛ ወጥ ቤት መስኮት ላይ የማጠናቀቂያ ሥራ የሚሠራው ልጅ ክፍተቱን ድርቅ በሚል ፎም ጢም አድርጎ ሞልቶ ጣውላውን ላይም ታችም ምስማር መትቶበት አገኘነው። ለምን ስለው "ነፋስ እንዳይገባ" አለኝ በኩራት። መጥፎ አናጢ አይደለም፣ ሥራው ጥርት ያለ ነው፣ ግን የተራ ቤት አናጢ ነው። እንደዛው ብንተወው ግድግዳው ሲወርድ ክብደቱን መስኮቱ ላይ ይጭነዋል፣ መጀመሪያ መስኮቱ አልከፈት ይላል፣ ከዛ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ኮንትራክተሩን ጠርተን ታችኛው ምስማር ተነቀለ፣ ፎሙ በቢላ እየተቆረጠ ወጣ፣ ሌሎቹም መስኮቶች አንድ በአንድ ታዩ። ደረጃው፣ ውስጥ ያሉት የጂፕሰም ግድግዳዎች፣ ወደ ላይ የሚሄደው የውሃ ቱቦ፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የወጥ ቤት ካቢኔት፣ ሁሉም ይሄው ነው፣ ለመውረጃ ቦታ ካልተተወለት ከግድግዳው ጋር ይጣላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ዙር ስትዞሩ ቀለም አማረ አላማረ አይደለም የምታዩት፣ ክፍተቱ አለ ወይ ነው።

እኛ የገዛነው እንጨት እርጥብ አይደለም፣ ጥንዚዛ የገደለው ነው። ኮሎራዶ የኖረ ያውቀዋል፣ ከ1996 (በፈረንጅ) ጀምሮ የተራራ ጥድ ጥንዚዛ የምትባለው ነፍሳት በሚሊዮን በሚቆጠር ኤከር ላይ ያለ ደን አድርቃለች፣ መኪና እየነዳችሁ ቀይ የሆነውን ተራራ ያያችሁት እሱ ነው። ዛፉ ቆሞ ስለደረቀ ብዙ አይኮማተርም፣ ያም ሆኖ ክፍተት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ጥንዚዛዋ ይዛው የምትመጣው ፈንገስ ደሞ እንጨቱ ላይ ሰማያዊ ጭረት ይተውበታል፣ ጥንካሬውን አይነካም፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ሻጋታ ነው ብላ አልቀበልም ብላ ነበር፣ አሁን እንግዳ ሲመጣ ቀድማ የምታሳየው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ካልታሰበ መጨረሻ ላይ አይስተካከልም፣ ኤሌክትሪክ። የግንድ ቤት ላይ ሽቦው የሚያልፈው ግንዱ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ነው፣ ግድግዳው እየተደረደረ እያለ ነው የሚበሳው፣ ከተደረደረ በኋላ እዚህ ጋ ሶኬት ጨምሩልኝ ብሎ ነገር የለም፣ ቢኖርም ዋጋው አይቀመስም። ፈረንጁ ኤሌክትሪሺያን ምጣድ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ በፕላኑ ላይ አታገኙትም። ለምጣዱ የራሱ ብሬከር፣ ከላዩ ደሞ እንፋሎቱን ወደ ውጪ የሚያወጣ ሁድ በሉና ገና ከመሠረቱ ተናገሩ።

እሳትን በተመለከተ ሰው ሁሉ "የእንጨት ቤት ነው፣ ክብሪት ነው" ይለኛል። ወፍራም ግንድ እንደዛ ቶሎ አይያያዝም፣ ውጪው ይከስልና ከሰሉ ራሱ ውስጡን ይከልለዋል። ቤት የሚያቃጥለው በአብዛኛው በነፋስ ተሸክሞ የሚመጣው ፍም ነው፣ አሸንዳ ላይ የተጠራቀመ የጥድ ቅጠል፣ ዴክ (የእንጨት በረንዳ) ሥር የተከመረ ማገዶ፣ ሽቦ ወንፊት ያልተደረገበት የጣሪያ መተንፈሻ፣ እነሱን ነው የሚፈልገው። በኦክቶበር 2020 የኢስት ትራብልሰም እሳት ግራንድ ካውንቲ ውስጥ ከ300 በላይ ቤት በላ። በዲሴምበር 30፣ 2021 የማርሻል እሳት ሉዊቪልና ሱፒሪየር ላይ ከ1,000 በላይ ቤት አወደመ፣ እሱ ደሞ ተራራ እንኳ አይደለም፣ ሱቅና መንገድ ያለበት ሰፈር ነው። የስቴቱ የደን አገልግሎት የሚለው ግልጽ ነው፣ ከግድግዳው እስከ 5 ጫማ ድረስ የሚቃጠል ነገር አይኑር፣ ጠጠር ይደረግ፣ ከዛ እስከ 30 ጫማ ሣሩ ይታጨድ ዛፉ ይሳሳ፣ ከዛ እስከ 100 ጫማ ደኑ ራሱ ይስተካከል። ዕቃ ስታጓጉዙ ባዶውን ካርቶን ዴክ ላይ አትከምሩት፣ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው።

ኢንሹራንሱም ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። በግንባታ ላይ እያለ የምትይዙት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ መኖር ስትጀምሩ ያበቃል፣ የቤት ባለቤት ኢንሹራንሱ ደሞ ለግንድ ቤት፣ ለዛውም ደን ውስጥ ላለ፣ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፣ ፎቶ ይጠይቃሉ፣ የእሳት አደጋ ጣቢያው ስንት ማይል ነው ይላሉ፣ አንዳንዱ ገና ሎግ የምትለውን ቃል ሲሰማ ስልኩን ይዘጋል። ሁሉም እምቢ ካለ ስቴቱ በ2023 ባወጣው ሕግ የተቋቋመ ፌር ፕላን የሚባል የመጨረሻ አማራጭ አለ። ዋናው ነገር ፍለጋውን ከመግባታችሁ ከወራት በፊት ጀምሩ፣ በሁለቱ መሃል አንድ ቀን እንኳ ክፍተት እንዳይኖር።

ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ሁሉን አልዘረዝርም። የካውንቲው የመጨረሻ ኢንስፔክሽን አልፎ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦኩፓንሲ (ቤቱ ይገባበታል የሚለው ወረቀት) ሳይሰጥ አንድ ፍራሽ እንኳ አታስገቡ፣ ሴፕቲኩ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያው) ለብቻው ይፈቀዳል፣ የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ላብራቶሪ ይሂድ፣ ሬደን የሚባለው ከመሬት የሚወጣ ጋዝም ይለካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከቤቶች ግማሽ ያህሉ ላይ እርምጃ ይወሰድበት ከሚባለው መጠን በላይ ይገኛል። የማልዘለው ግን የመጨረሻውን ክፍያ ነው። ለዋናው ኮንትራክተር ከፍላችሁ እሱ ለጣሪያ ሠሪው ወይም ለእንጨት አቅራቢው ካልከፈለ እነሱ እናንተ ቤት ላይ ሊን (ዕዳቸው እስኪከፈል ቤቱን መያዣ የሚያደርግ ማስመዝገቢያ) ማስያዝ ይችላሉ፣ ኮሎራዶ ላይ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ በመደበኛው እስከ 4 ወር ጊዜ አላቸው። አንድ የማውቀው ሰው ሁለት ጊዜ የከፈለው በዚህ ነው። "ኧረ ሰውየው ጨዋ ነው፣ እንዴት እጠረጥረዋለሁ" የሚለው ይሉኝታችን እዚህ ላይ አይሠራም። ከእያንዳንዳቸው ተከፍሎኛል የሚል የተፈረመ የሊን መልቀቂያ ይምጣ፣ ከዛ ቼኩ ይጻፋል።

ደሞ ምረቃው። ካህኑ ጸበል ይረጫሉ፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ይሄ አይቀርም፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን አዲሱ ቤት እንደ ድሮው ቤታችን በየቀዳዳው አየር የሚያስገባ አይደለም፣ ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ማራገቢያ ገጥሞ አየር የሚወጣበትን እየለካ ነው የሚያሳልፈው። ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ ክብ ሠርቶ ሦስተኛውን ስኒ እስኪጠጡ መቀመጥ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ከዕጣኑ ጋር ሆኖ ደሞ ማን ያስተውለዋል፣ ራስ ምታት ሲጀምር ቡናው ከብዶኝ ነው ይባላል። ኮሎራዶ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ በሕግ ከመኝታ ቤት በር 15 ጫማ ርቀት ውስጥ አላርም መኖር አለበት፣ እንግዳ ሲመጣ ጮኸ ብላችሁ ባትሪውን አታውጡበት። እኛ ጀበናውን በኤሌክትሪክ እናፈላለን፣ ከሰሉ ውጪ ሜዳው ላይ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ የሚጨስበት ትንሽ ፍም ደሞ ቤት የሚገባው መስኮት ተከፍቶ ነው፣ ቶሎም ይወጣል። ትልልቆቹ ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ቅር ይበላቸው።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ማሞቂያውን ባንዴ ከፍ አታድርጉት፣ እንጨቱ በድንገት ሲደርቅ ስንጥቁ ትልቅ ይሆናል፣ ቀስ በቀስ ነው የሚሞቀው፣ ልጆቹ ካልሲ ይደርቡ።

እናንተን የምጠይቀው በሊን ጉዳይና በኢንሹራንስ ጉዳይ የሚያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ጠበቃና ኤጀንት ፈልጋችሁ አንድ ሁለት ገጽ እንድትሰጡት ነው፣ የምትጠይቁት ጥያቄ ካጣችሁ እኔ ዝርዝር እልክላችኋለሁ። ፓርክ፣ ግራንድ ወይም ቴለር ካውንቲ ውስጥ የግንድ ቤት የሠራ አንባቢ ካለ ደሞ ክሪኩን በየስንት ጊዜው እንደሚያየው ይጻፍልን፣ ኮንትራክተራችን አንድ ይላል፣ እንጨቱን የሸጠን ድርጅት ሌላ ይላል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ