የሰባት ዓመቱ ልዩነት ከሁለት መነኮሳት ስሌት የመጣ ነው

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

በዘመን መለወጫ ዋዜማ ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ያወጣችሁትን ዘገባ፣ ዓይኔ አሳስቶኝ እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አላሳሳተኝም። ከዓለም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረነው ቤተ ክርስቲያን «ሳይንሳዊውን አቆጣጠር» አልቀበልም በማለቷ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ ከጎኑም በሮም ችሎት ፊት የቆመው የጋሊልዮ ሥዕል ወጥቷል። በጋሊልዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1633 የተፈረደው ፍርድ በደል እንደነበረ አምናለሁ፤ ከእኛ መስከረም ጋር ግን ምንም አያገናኘውም።

ሁለቱም አቆጣጠሮች ዓመታቸውን የሚቆጥሩት ከክርስቶስ ልደት ነው። የተለያዩት ልደቱ በየትኛው ዓመት ዋለ በሚለው ስሌት ነው። እኛ የያዝነው በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንያኖስ የተባለ እስክንድርያዊ መነኩሴ የቀመረውን ሲሆን፣ አውሮፓውያን የያዙት እ.ኤ.አ. በ525 ዲዮናስዮስ የተባለ ሌላ መነኩሴ በሮም ያወጣውን ነው። ሁለቱም ለዚህ ስሌት የበቁት የፋሲካን ቀን ለማወቅ ሲደክሙ ነው። የታሪክ ሊቃውንት ሄሮድስ የሞተው በአውሮፓውያኑ ቁጥር ከልደት በፊት በ4 ዓመት ነው ስለሚሉ ዲዮናስዮስም ስቷል ማለት ነው፤ የእኛው ይበልጥ መራቁን ግን አልሸሽግም። ታዲያ በዚህ ውስጥ ሳይንስን የተቀበለውና የገፋው የትኛው መነኩሴ ነው? ዘጋቢው ይህን ይንገረን።

«ሳይንሳዊ» የተባለው አቆጣጠርም የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1582 በሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በጎርጎርዮስ 13ኛ ትእዛዝ ነው። ከሥራው ዋነኞች አንዱ ክላቪየስ ካህንም የሒሳብ ሊቅም ነበር። የተነሡበትም ምክንያት ፋሲካ ከጸደይ እኩሌታ፣ ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ዕለት፣ እየራቀ መሄዱ ነው፤ አሮጌው ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ደቂቃ ያህል ስለሚረዝም በየ128 ዓመቱ አንድ ቀን ይዛነፋል። እኛ ያን እርማት አልወሰድንም። ዘጋቢው ይህን ጽፎ ቢሆን ኖሮ እውነት ነውና አንዲት ቃል አልተነፍስም ነበር። ነገር ግን በዓመት 11 ደቂቃ ተጠራቅሞ እስከ ዛሬ ያመጣው ልዩነት 13 ቀን ነው፤ ሰባት ዓመት አይደለም።

ይህን ያህል የተቆጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ የተማርሁት በልጅነቴ ከአንድ ዓይነ ስውር የኔታ ነው። የኔታ ወረቀት አያዩ፣ ሰሌዳ የላቸው፤ የ19 ዓመቱን ትንሽ ዑደት ንኡስ ቀመርንና የ532 ዓመቱን ትልቅ ዑደት ዐቢይ ቀመርን በቃላቸው ይዘው ያስሉ ነበር። እኔ በመሬቱ አቧራ ላይ በጭራሮ እየጻፍሁ ትራፊውን ስስት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው «ከወንበሩ ጀምር»፣ ማለትም ከመነሻው ቀሪ ቁጥር፣ ይሉኛል። በ19 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ እንደምትወለድ የሰማሁት ከእርሳቸው አፍ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በዘመናዊው ልኬት ሳመሳክረው ልዩነቱ በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። በዚያን ዕለት ማታ የኔታን አስቤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዓመታት በኋላ፣ በማስተምርበት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የትራፊ ስሌትን ለማስረዳት ባሕረ ሐሳብን በምሳሌነት በትምህርት ዕቅዴ ውስጥ አስገባሁ። የክፍሉ ኃላፊ ገጹን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ይህ ሃይማኖት ነው» ብሎ መለሰልኝ። በምትኩ 12 ሲሞላ እንደገና ከአንድ የሚጀምረውን የግድግዳ ሰዓት አቀረብሁ፤ ጸደቀልኝ። ስሌቱ ያው ነው። ያን ገጽ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ አኑሬዋለሁ፤ ዘገባችሁን ሳነብ ያ ቀይ መስመር እንደገና የተሰመረብኝ መሰለኝ።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ቀን አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ዘገባችሁን በስልኩ ይዞ መጣና «መምህር፣ ሰባት ዓመት ያስቀረን እርስዎ የሚሉት ባሕረ ሐሳብ ነው እንዴ?» አለኝ። የ2017ን ፋሲካ አብረን እንድናወጣ ጠመኔውን ሰጠሁት። ከፍጥረት እስከ ልደት የሚቆጠረው 5500ና 2017 ተደምረው 7517፤ ለ19 ሲገደፍ (ሲካፈል) ትራፊው 12፤ አንዱ ለዘመኑ ሲተው ወንበር የሚባለው ቀሪ 11። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ የሚባለው ትራፊ 29 ሆነ። መስከረም 29 ረቡዕ ውሏል፤ የረቡዕ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተመደበው ጭማሪ ቁጥር፣ 4 ነው፤ ድምሩ 33፣ ከ30 የተረፈው 3፣ ስለዚህ የነነዌ ጾም የካቲት 3። ከዚያ ሁለት ወር አልፎ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 12። ልጁ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ በሌላው እጁ ስልኩን ከፍቶ አመሳከረና «ልክ ነው» አለ። በዚያ ዓመት የሮም ካቶሊካውያንም በዚያው ዕለት አክብረዋል።

በዘገባችሁ ውስጥ ሦስት ምሁራን ተጠቅሰዋል፤ አንድም የባሕረ ሐሳብ መምህር ግን አልተጠየቀም። ስለ እኛ እየተጻፈ እኛን ለመጠየቅ አንድ ስልክ መደወል አልተቻለም? በየገዳሙና በየደብሩ ይህን ስሌት የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ በራቸው ለማንም ክፍት ነው።

ስለዚህ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም፣ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ዘጋቢው ስሌቱን ማየት ከፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ክፍት ነው፤ ያ ተማሪም ይኖራል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር፣ ከባሕር ዳር