ፒያኖውን ጻፋችሁ፣ ባንዱን ረሳችሁ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ጀምሬ ነው። መጀመሪያ ስፖርት፣ ቀጥሎ ኪነ ጥበብ፣ ፖለቲካው ደግሞ ቡና ከተጠጣ በኋላ። ሰሞኑን በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ኤዲ ፓልሚዬሪ ያወጣችሁትን አጭር ጽሑፍ አየሁ። የላቲን ጃዝ ሰው ስም በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ማየት ብርቅ ነውና ደስ አለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን ቆረቆረኝ። ሦስት ቀን ታግሼ በአራተኛው እስክሪብቶ አነሳሁ።

መጀመሪያ ትንሿን ስህተት ላንሳ። «ኩባዊው ፒያኒስት» ብላችኋል። ኩባዊ አይደለም። ዲሴምበር 15 ቀን 1936 ኒውዮርክ ውስጥ ስፓኒሽ ሃርለም ተወለደ፣ ብሮንክስ አደገ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወላጆቹ ከፖርቶሪኮ፣ ፖንሴ ከምትባል ከተማ የመጡ ናቸው። የሙዚቃው ሥር ኩባ ስለሆነ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ፖርቶሪኳዊን ኩባዊ ማለት ጎንደሬውን ጎጃሜ እንደማለት ነው። ሰውየው ዝም ቢልም ዘመዶቹ ዝም አይሉም።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጽሑፋችሁ ስለ ጣቶቹ አወራ፣ የግራሚ ሽልማቶቹን ቆጠረ፣ ኦገስት 6 ቀን 2025 በ88 ዓመቱ ማረፉን ነገረን፣ አለቀ። ባንዱስ? «ላ ፐርፌክታ» የሚለው ስም አንድ ጊዜ እንኳን አልተጠራም። ፓልሚዬሪን ያለ ላ ፐርፌክታ መጻፍ ሠርግ ጠርቶ ሙሽራውን መርሳት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ብዙ ዓመት በሆቴልና በናይት ክለብ ሠርቻለሁ። የምጽፈው እንደ አዋቂ ሳይሆን ባንድ ሲቆምም ሲፈርስም እንዳየ ሰው ነው።

ልጁ ከፒያኖ ጋር የተዋወቀው በታላቅ ወንድሙ በኩል ነው። ቻርሊ ፓልሚዬሪ ዘጠኝ ዓመት ይበልጠዋል። እሱም አንደኛ ደረጃ ፒያኒስት ነበር። ኤዲ ክላሲካል የተማረው ከማርጋሬት ቦንድስ ነው። ይህቺ ሴት ራሷ ስሟ የተከበረ ጥቁር አሜሪካዊት ፒያኒስትና ደራሲ ናት። ያም ሆኖ ልጁ ልቡ ከበሮ ላይ ነበር። በ13 ዓመቱ በአጎቱ ባንድ ውስጥ ቲምባሌስ ይመታ ነበር። ቲምባሌስ በዱላ የሚመቱት ጥንድ የብረት ከበሮ ነው። በኋላ ከበሮ መሸከሙ ሰለቸውና ወደ ፒያኖው ተመለሰ። ፒያኖ የሚሸከም የለምና! ቤተሰቡ ብሮንክስ ውስጥ «ኤል ማምቦ» የምትባል ትንሽ መክሰስ ቤት ነበረችው። ልጁ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ መጠጥ ይቀዳል፤ ሳንቲም ሲጎርስ ሙዚቃ የሚያጫውተው ጁክቦክስ ውስጥ የትኛው ሸክላ እንደሚገባ የሚወስነውም እሱ ነው። እኛ አገር ሙዚቃ ቤት ውስጥ ካሴት እየገለበጡ ያደጉ ልጆችን የሚያውቅ ይህን በደንብ ይረዳዋል።

ከበሮኛነቱ ግን ከጣቱ አልወጣም። ገና በወጣትነቱ ከአንድ ባንድ የተባረረው ፒያኖውን በጣም እየመታህ ነው ተብሎ ነው። «ቁልፍ ሰባሪው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የቀረጻ ሸክላዎቹን በጥሞና የሰማ ሰው ከፒያኖው በላይ ሌላ ድምፅም ይሰማል። እየተጫወተ ያጉረመርማል። የመጀመሪያዋን ሸክላ ያገኘሁ ጊዜ ማጫወቻዬ የተበላሸ መስሎኝ መርፌ ቀይሬያለሁ።

እንግዲህ ወደ ባንዱ። ፓልሚዬሪ በሃምሳዎቹ መጨረሻ በዝነኛው በቲቶ ሮድሪጌዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ይጫወት ነበር። ደመወዝ አለ፣ ሱፍ ልብስ አለ፣ ስም አለ። ያንን ትቶ ወጣ፤ በ1961 ላ ፐርፌክታን አቋቋመ። ያን ጊዜ ኒውዮርክ ውስጥ ማምቦ የተባለውን የኩባ የጭፈራ ሙዚቃ የሚጫወቱ ትልልቅ ባንዶች የትራምፔትና የሳክስፎን ሰልፍ ያሰልፉ ነበር። እሱ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ የለውም። ብሮንክስ ውስጥ ትራይተንስ በሚባል ክበብ ሙዚቀኞች እየተሰበሰቡ በሚጫወቱበት ምሽት ባሪ ሮጀርስ የሚባል ትሮምቦን ነፊ አገኘ። ባሪ ጃዝ የሚወድ አይሁዳዊ የብሮንክስ ልጅ ነው። ሁለተኛ ትሮምቦን ሆኖ ብራዚላዊው ሆሴ ሮድሪጌዝ ተጨመረ። ከላይ አንድ የእንጨት ፍሉት። በቲምባሌሱ ማኒ ኦኬንዶ። ዘፋኙ ኢስማኤል ኪንታና።

አስቡት። ትራምፔት ሹል ነው፣ ይወጋል። ትሮምቦን ወፍራም ነው፣ ያገሳል። ሁለት ትሮምቦን ጎን ለጎን ቆመው ዝቅ ብለው ሲያገሱ፣ ከላያቸው ፍሉቷ እንደ ወፍ ስትንጫጫ፣ ከሥር ፒያኖው አንዲቱን ሐረግ እየደጋገመ ሲወቅጥ፣ ስምንት ያህል ሰው እንደ ሃያ ይሰማል። በፍሉትና በቫዮሊን የሚጫወት የኩባ ባንድ ቻራንጋ ይባላል። ወንድሙ ቻርሊ ይህን አዲስ ድምፅ ሰምቶ «ትሮምባንጋ» አለው። ስሙ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጣው የኒውዮርክ ሳልሳ ያን የትሮምቦን ግሳት ከላ ፐርፌክታ ነው የወረሰው።

አዘጋጅ ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ወደራሴ ልሂድና ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔም ባንዴም ገንዘብ አጥሮን ያውቃል። በአንድ ሆቴል ሰባት ሆነን እንጫወት ነበር። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጠራኝ። «ይሄ አዲሱ ኪቦርድ ከበሮም ቤዝም አለው ይሉኛል፣ እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩ። ሞኝ ነበርኩ። በወሩ አራት ቀረን። ዓመት ሳይሞላ እኔና አንዲት ዘፋኝ ብቻ ቀረን። ከበሮ መቺያችን ታክሲ መንዳት ጀመረ። ሳክስፎኒስቱ ዕቃውን ሸጠው። እኔ ደግሞ ቁልፍ እየተጫንኩ የጓደኞቼን ደመወዝ ለብቻዬ በላሁ ልበል? እሱንም አልጨመረልኝም።

እንግዲህ ፓልሚዬሪን በተለየ ጆሮ የምሰማው ለዚህ ነው። ሁለታችንም ጋ ገንዘብ አጠረ። እሱ ሰልፉን አሳጥሮ ሰው ፈለገ፤ እኛ ሰው ቀንሰን ማሽን ሰካን።

ላ ፐርፌክታ የሚጫወተው ለተቀማጭ አልነበረም። ለጨፋሪ ነው። ብሮድዌይ ላይ ፓላዲየም የሚባል የታወቀ የጭፈራ አዳራሽ ነበር። ፖርቶሪኳዊው፣ ጥቁሩ፣ ጣሊያኑ፣ አይሁዱ አንድ ወለል ላይ ይገናኛል። ጨፋሪው ክላቬውን ያውቃል። ክላቬ በሁለት እንጨት የሚመታ አምስት ምት ነው፤ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው። ባንዱ ከዚያ ካፈነገጠ እግር ይሰናከላል፣ ፊት ይኮሳተራል። ዘፋኙ ያወጣል፣ ባንዱ ይቀበላል። አውጪና ተቀባይ ማለት ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

«አሱካር» የተባለው ዜማ የበሰለው እዚያ ወለል ላይ ነው። ስሙ ስኳር ማለት ነው። ጨፋሪው አልጠግብ እያለ ሲሄድ ዜማው ይረዝማል፣ ሶሎ ይጨመራል። በ1965 ሲቀረጽም አላሳጠሩትም፤ ከ8 ደቂቃ በላይ ነው። ያን ጊዜ ሬዲዮ የሚፈልገው ሦስት ደቂቃ ነበር። መሐል ላይ ፓልሚዬሪ ግራ እጁ ያቺኑ የምትደጋገመዋን ሐረግ ሳይለቅ በቀኝ እጁ ብቻ ሶሎ ይሄዳል። ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስላል። ለመሞከር ለሚፈልግ ፒያኒስት አንድ ምክር አለኝ፦ ጎረቤት በሌለበት ይሞክረው። ያ ቅጂ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ ከመዘገባቸው ድምፆች አንዱ ሆኗል። ሽልማት ከቆጠራችሁ ይህንንም ብትቆጥሩት።

ባንዱ በ1968 ተበተነ። ሰባት ዓመት ገደማ ነው የኖረው። ታሪኩ ግን አልተበተነም፣ ምክንያቱም ሰውየው ሌላ ባንድ ያቆማል፣ ደግሞ ሌላ። በ1971 «ሃርለም ሪቨር ድራይቭ» የሚል ባንድ አቆመ። ስሙ ከሃርለም ዳር የሚያልፍ የመኪና መንገድ ነው። የላቲኖቹንና የጥቁር አሜሪካውያኑን የሶል ተጫዋቾች አንድ ላይ አስቀመጠ። ስለ ድህነት ዘፈኑ። በጊዜው ብዙም አልተሸጠም። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሸክላ ደግሞ ሲንግ ሲንግ የሚባለው የኒውዮርክ ወህኒ ቤት ውስጥ፣ በእስረኞች ፊት የተቀረጸ ነው። የታራሚዎቹ ጩኸት ከትሮምቦኑ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማል። ከሁሉም ቅጂዎቹ ይህን ነው የምወደው። ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም፤ መጥታችሁ ስሙት።

ስለ ሽልማቱ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ግራሚ ለላቲን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት የሰጠው በ1976 ነው፤ የወሰደው እሱ ነው። በዚያ ሸክላ ላይ ላሎ ሮድሪጌዝ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ዘፋኝ አድርጎ አቁሟል። አስራ ስድስት! ሁለተኛውን ግራሚ ያገኘው ሸክላ ነገር ደግሞ ያስቃል። ፓልሚዬሪ ገና አላለቀም፣ አይውጣ ብሎ ነበር። አሳታሚው ያለ ፈቃዱ «ያላለቀው ድንቅ ሥራ» የሚል ስም ሰጥቶ አወጣው። ዳኞቹ ሸለሙት። የላቲን ጃዝ የራሱ የግራሚ ዘርፍ እንዲኖረውም ከወተወቱት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ዘርፉ በ1995 ተጀመረ፣ በ2011 ተሠረዘ፣ ሙዚቀኞቹ ተቆጥተው ከተሟገቱ በኋላ በዓመቱ ተመለሰ።

በእሱ ባንዶች ያለፉትን ብዘረዝር ገጽ አይበቃኝም። ማኒ ኦኬንዶ ከእሱ ወጥቶ «ሊብሬ» የተባለ የራሱን ባንድ አቆመ። ትራምፔቱን ብሪያን ሊንች፣ ትሮምቦኑን ኮንራድ ኸርዊግ፣ ሳክስፎኑን ዶናልድ ሃሪሰን ይዘው አብረውት ሠርተዋል። ላ ኢንዲያ የሳልሳ ዘፋኝ ሆና የወጣችው በ1992 ከእሱ ጋር በሠራችው ሸክላ ነው። ባንድ መሪ ማለት ይህ ነው። የሰው ልጅ ያሳድጋል፣ ከዚያ ልጁ ጥሎት ይሄዳል፣ እሱም ሌላ ይፈልጋል። ቻርሊ በ1988 ሲሞት፣ ባለቤቱ ኢራይዳ በ2014 ስታርፍ፣ ሰውየው ከፒያኖው አልተነሳም። በ2018 ያወጣው አልበም ለእሷ መታሰቢያ ነው።

አንድ የቀረችኝ ጉዳይ አለች። በጽሑፋችሁ መጨረሻ «ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ሩቅ የሆነ ስልት» ብላችኋል። በየት በኩል ነው የራቀው? ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እዚያው ኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት ሸክላዎች ሲያሳትሙ አብረዋቸው የተጫወቱት ፖርቶሪኳውያን ነበሩ። ስሙን ልብ በሉት፦ አፍሮ፣ ላቲን። በዚያው ዓመት ፓልሚዬሪ ከቫይብራፎን (የብረት ቁልፎቹ በዱላ የሚመቱ መሣሪያ ነው) ተጫዋቹ ካል ቻደር ጋር አንድ አልበም ሠራ። ጋሽ ሙላቱም ቫይብራፎናቸውን ይዘው እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ ተገናኝተዋል አልልም። አየሩ ግን አንድ ነው። ዛሬ ኢትዮ ጃዝ ስንሰማ ከሥሩ ኮንጋው፣ ያ በእጅ የሚመታው ረጅም ከበሮ፣ የሚሄደውን አካሄድ ማን ከየት አመጣው? ገጻችሁ ላይ ይህ ቢጻፍ አንባቢው ፓልሚዬሪን እንደ ጎረቤት ያየው ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። «ኩባዊ» የሚለውን አርሙልኝ። ስለ ላ ፐርፌክታ አንድ አንቀጽ ጨምሩልኝ። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ ወጣት ጋዜጠኛ ልካችሁ የእኛን አገር የሆቴል ባንዶች ታሪክ ተጫዋቾቹ ሳያልቁ ይጻፍልን። ከበሮ መቺያችን ታክሲውን ትቶ ዛሬ ቤቱ ተቀምጧል፤ ብዙ ያወራል፣ ግን ያወራው ሁሉ እውነት ነው።

ለፎቶ የሚሆን ነገር ካጣችሁ እኔ ጋ የፓልሚዬሪ ሁለት ሸክላዎች አሉ፣ የሲንግ ሲንጉን ጨምሮ። ሦስት ነበሩ። አንዷን ከዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ «ለሁለት ቀን» ብሎ ወስዷታል። ጋዜጣችሁን እንደሚያነብ አውቃለሁና፣ እባክህ ወንድሜ፣ ሸፋኗን ባታገኘው እንኳን ሸክላዋን መልስልኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቀድሞ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ከአዲስ አበባ