ብሩን ከመክፈልህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ለእማዬም ለሁላችሁም ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ሁለት ወር ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስቡ። የኮሌጁን መመዝገቢያ ብር ዛሬ በባንክ ልኬልሃለሁ፤ ግን ዓርብ ምዝገባ ይዘጋል ብለው ቢያጣድፉህም ይህን አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትከፍል። ብር ልኮ አዛዥ ሆነ አትበለኝ። የሚባክነው ያንተ ዕድሜ ስለሆነ ነው።

ሲቪል ኢንጂነሪንግ፣ ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት፣ በሌቭል የሚሰጠው የሕንጻ ሥራ ሥልጠና፣ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። የሌቭሉ ሲኦሲ የሚባል የብቃት ምዘና ፈተና አለው። ዲግሪው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለው፤ ድጋሚ መፈተን ቢቻልም 50 ከመቶ እስክታመጣ ዲግሪው እጅህ አይገባም። መዝጋቢዋ «ያው ነው» ብትልህ እንዳትቀበላት። የ12ኛ ክፍል ውጤትህ የዓመቱን መቁረጫ ነጥብ ሳያሟላ «ግድ የለም፣ ግባ» የሚልህ ካለም ጥለኸው ውጣ፤ ማስረጃህ የሚጣራ ቀን ጉዱ ያንተ ነው።

እውቅና ለኮሌጅ በጅምላ አይሰጥም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚፈቅደው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተፈቀደለት ማለት ደሴ ያለው ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አትመን፣ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። የፈቃድ ደብዳቤውን አውጡልኝ በል፤ የፕሮግራሙን ስም፣ የካምፓሱን ስም፣ የሚያበቃበትን ቀን አይተህ ፎቶውን ላክልኝ። ክፍያውም በኮሌጁ ሒሳብ ብቻ ይሁን፣ በግለሰብ ስም አንድ ብር እንዳታስገባ።

ከሁሉ በላይ ላቦራቶሪውን አስከፍተህ ግባ። የኮንክሪት ኩብ ሰብሮ ጥንካሬውን የሚለካው ማሽን ላይ የካሊብሬሽን ወረቀት፣ ማለትም ልኬቱ ትክክል መሆኑ የተፈተሸበት፣ ተለጥፎ እንደሆነ፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ እይ። 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑትን የኩብ ሞልዶች (ኮንክሪቱ የሚሞላባቸውን ቅርጾች) አገላብጣቸው፤ ውስጣቸው ዘይት ከተቀባና ጠርዛቸው ላይ ሲሚንቶ ከቀረ ይሠራባቸዋል ማለት ነው። ኩቦቹ የሚነከሩበት ገንዳ አቧራ ከጠጣ ግን ተማሪው ኮንክሪት ሞልቶ በ7 እና በ28 ቀን ሰብሮ አያውቅም። የቅየሳ መሣሪያው፣ ቶታል ስቴሽኑ፣ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስም ጠይቅ። አንዱን መሣሪያ አርባ ሰው ከከበበው አንተ ቆመህ ታያለህ እንጂ መሣሪያውን አስተካክሎ ማቆም (ሌቭል ማድረግ) አትለምድም፤ ያ ደግሞ በዓይን አይለመድም። አምስተኛ ዓመቶቹን ለብቻቸው አግኝና ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) ማን እንደሚያፈላልግላቸው፣ ካለፈው ባች ስንቱ የመውጫ ፈተናውን እንዳለፈ ጠይቃቸው።

የእህታችን ሰርግ ለጥር መቆረጡን ሰምቼ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ሽማግሌ ሲመጣ በአባባ ቦታ ማን ተቀመጠ? እኔ ነበርኩ መቀመጥ የነበረብኝ። ይህን ነገር ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ለጠላው እንኩሮ ሲነኮር እማዬ ጭሱ አጠገብ እንዳትቀመጥ፤ እሷ ካልቀመሰችው አይሆንላትም፣ አውቃለሁ፣ ወደ በሩ አውጥታችሁ አቅምሷት። የግፊት መድኃኒቷን ሲሻላት እንደምታቋርጥ ነግራችሁኛል፤ ደህና የሆነችው እኮ ስለምትውጠው ነው። የሁለት ወሩን ከላክሁት ላይ አስቀድመህ ግዛ፣ ኮሌጁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ስለ እጄ ከጠየቀችህ ድኗል በላት።

ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። የፈቃድ ደብዳቤው ፎቶ ከዚያ በፊት ይድረሰኝ።

ወንድምህ፣ ከሜሪላንድ