ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት፦ ስለ ታናሽ ወንድምሽ ለወዳጄ

ይድረስ ለተወደድሽው ጓደኛዬ፣
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽና ቤተሰቡ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ሳንጻጻፍ መቆየታችን ሲከነክነኝ ኖሯል። ሰሞኑን ግን ታናሽ ወንድምሽ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ ወደ ሜሪላንድ ሊመጣ መሆኑን፣ የፖለቲካ ሳይንስ ለማጥናት መወሰኑንና «ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ ኮሌጅ አልገባም» ማለቱን ከዘመድ ስሰማ፣ ከእንግዲህ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ራሴ በሞንጎመሪ ኮሌጅ የሁለት ዓመቱን የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ጨርሼ፣ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የምዛወር በመሆኔ፣ ከመወሰኑ በፊት የማውቀውን እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

በእኛ አገር የማትሪክ ውጤት ያልመጣለት ልጅ የሚገባበት ቦታ ኮሌጅ ሆኖ ስለኖረ፣ ወንድምሽ እንዲህ ማሰቡ አይፈረድበትም። የአሜሪካው ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ የሕዝብ ኮሌጅ፣ አመጣጥ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆልየት ከተማ ሲከፈት ዓላማው የአካባቢው ልጆች ከቤታቸው ሳይርቁ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ዓመታት እንዲማሩ ነበር። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ የተመሠረተው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ በማታ ትምህርት ነው። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በመላው አገሪቱ እንዲስፋፉ መክሯል። ዛሬ በሩ ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሰ ሁሉ ክፍት ነው፤ የመግቢያ ፈተና ውጤት ማንንም አያስቀርም።

ይህ የበሩ ክፍትነት በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያመጣ እዚህ ካልተቀመጡ መገመት ያስቸግራል። ስለ ጤና መድን ፖሊሲ ስንወያይ አጠገቤ የምትቀመጠው ከኤል ሳልቫዶር የመጣች የልጆች እናት ከራሷ የሆስፒታል ሂሳብ ተነሥታ ትናገራለች፤ ስለ ጦርነት ሥልጣን ስንማር ከሠራዊቱ የተሰናበተ ተማሪ የላከውን መንግሥት ያወሳል፤ ከኋላ ደግሞ ገና ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰች፣ የኮሌጅ ክሬዲት አስቀድማ የምትሰበስብ ልጅ ሁላችንንም የሚያሳፍር ጥያቄ ትጠይቃለች። መምህሮቻችን የሚቀጠሩት በዋናነት ለማስተማር ስለሆነ፣ ከክፍል በኋላ ቢሯቸው ሄዶ ስለ አንድ አንቀጽ መከራከር የተለመደ ነው።

በተለይ አንድ ውይይት ከልቤ አልወጣም። የአሜሪካን መንግሥት በምንማርበት ኮርስ እ.ኤ.አ. በ1803 በማርበሪና በማዲሰን ክርክር ላይ የተሰጠውን ፍርድ አጠናን፤ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭን ሕግ ሊሽር እንደሚችል ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ያጸኑበት፣ ይህ ሥልጣን ግን በሕገ መንግሥቱ ላይ በግልጽ ያልተጻፈበት ጉዳይ ነው። በንጽጽር ፖለቲካ ኮርስ ደግሞ የእኛን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የማቅረብ ዕድል ገጠመኝ። የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑን፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ለምክር ቤቱ እንደሚያቀርብ፣ በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ጥያቄው በዚሁ መንገድ መሄዱን አስረዳሁ። ዳኛ ይተርጉም ወይስ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚለው ክርክር የክፍሉን ሰዓት ሙሉ ወሰደ። አንቺና እኔ በዜና ብቻ የሰማነው ነገር በጥሞና የሚመረመር ጥያቄ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቦታውም ራሱ ያስተምራል። የምማርበት ካምፓስ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገናኙበት ላይ ነው፤ ሁለቱን ወገን የሚያገናኘው ከባቡር ሐዲዱ በላይ የተሠራ የእግረኛ ድልድይ ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባት፣ ምግብ ቤቱና ሱቁ ሁሉ በአማርኛ የሚጠራባት ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባም ሆነ የከተማ ምክር ቤት የላትም፤ የምትተዳደረው በቀጥታ ከግዛቱ በታች ባለው አስተዳደር፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ ነው፤ የካውንቲው ምክር ቤትም 11 አባላት አሉት። ከጎኗ ያለችው ትንሿ ታኮማ ፓርክ ግን የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቿ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳለች፤ በ2013 ደግሞ የመምረጫውን ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ በማድረግ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ከተማ ሆናለች። የሥልጣን ክፍፍል የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ፣ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ከንቲባውን ሲመርጥ ሌላው የሚመርጠው ከንቲባ እንደሌለው ማየቴ ትምህርቱን ሥጋ አልብሶታል። ወንድምሽ ታኮማ ፓርክ ከተከራየ ዜግነት ሳያገኝ በከተማው ምርጫ ሊሳተፍ ይችላል፤ ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም።

አሁን ወደ ዝውውሩ ልለፍ፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ እንዲያደርግ አጥብቀሽ ንገሪልኝ። የኮሌጁ ዲግሪ 60 ክሬዲት ያህል ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ባችለር ደግሞ 120፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ግማሹ መንገድ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ነገር ግን ክሬዲት ተቀባይነት ማግኘቱና ለዋናው የትምህርት መስክ መቆጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ውጤት ያመጣሁበትን አንድ ኮርስ ያመለከትኩበት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎ፣ ለፖለቲካ ሳይንስ ሳይሆን ለነፃ ምርጫ ኮርስ ብቻ ቆጠረልኝ፤ እዚያ ብገባ ኖሮ ተመሳሳዩን ትምህርት እንደገና ከፍዬ መውሰድ ነበረብኝ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ የሚጎዳው ሠርቶ የሚማረውን ነውና። ስለዚህ ወንድምሽ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚሄድበትን ዩኒቨርሲቲ ይለይ፤ የአንዱ ኮሌጅ ኮርስ በሌላው ምን ተብሎ እንደሚቆጠር በሚያሳየው የሜሪላንድ የክሬዲት ማመሳከሪያ እያንዳንዱን ኮርስ ይፈትሽ፤ የዝውውር አማካሪ ዘንድ ምዝገባ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን አዘውትሮ ይሂድ። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝበት በኮሌጅ ፓርክ የሚፈልገው ክፍል የሚጠራው «መንግሥትና ፖለቲካ» ተብሎ ስለሆነ፣ የፖለቲካ ሳይንስ የሚል ስም ሲያጣ እንዳይደናገር። ስታትስቲክስንም አይሽሽ፤ የዛሬው ፖለቲካ ሳይንስ ያለ ቁጥር አይሄድም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። የካውንቲው ነዋሪ የሚከፍለው ከሌላ ካውንቲና ከሌላ ግዛት ከሚመጣው ያነሰ ስለሆነ የነዋሪነት ማስረጃውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስቀምጥ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ይችላል፤ ገቢው ዝቅተኛ ከሆነም ፔል ግራንት የሚባለውን፣ የማይመለሰውን ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል። ብድር ከመፈረሙ በፊት ይህን ይጨርስ።

ከመነሣቱ በፊት አንቺ የምታግዢው አንድ ነገር አለ። እዚያ የተማረውን ትምህርት እዚህ ለማስገምገም ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ የወጣ ትራንስክሪፕትና የየኮርሱ ዝርዝር መግለጫ ስለሚጠየቅ፣ ከአንድ በላይ ቅጂ እንዲያወጣ አድርጊ፤ ከዚህ ሆኖ ማስላክ ብዙ ያንገላታል። የበረራውን ቀን ስታውቂ ጻፊልኝ፤ አውሮፕላን ማረፊያ እቀበለዋለሁ፣ የምዝገባውንም ቀን አብሬው እሄዳለሁ። እናትሽን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ