ለቅሶ ቤት የፍርድ ወንበር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን በሃይማኖት ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው ድርቁም፣ በሽታውም፣ ያለ ዕድሜ መቀጨቱም የኃጢአታችን ደመወዝ ነው ይላሉ። እግዚአብሔር የባረከው ሰው ደግሞ በቤቱ፣ በከብቱና በልጆቹ ይታወቃል ብለዋል። ለዚህም ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28ን ጠቅሰዋል። ምዕራፉ በረከትንና መርገምን አንድ በአንድ መዘርዘሩ እውነት ነው። ነገር ግን በእሱ ተንተርሶ የጎረቤትን መከራ ለጎረቤት ኃጢአት ምስክር አድርጎ ማቆም ክርስትና አይደለም። ዝም ብዬ ላልፈው ያልቻልኩትም እንዲህ ያለው ቃል የት እንደሚያርፍ ስለማውቅ ነው።

እኔ የነገረ መለኮት ሊቅ አይደለሁም። አዘዞ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሞት ሲነገረኝ መዝገብ አገላብጣለሁ፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር አስወጣለሁ፣ ብሩን ለሐዘንተኛው ቤት አደርሳለሁ፤ ከዚያም ከሰው ጋር ተቀምጬ የሚባለውን እሰማለሁ። በመዝገቤ ላይ ስማቸው የተሰረዘውን ሰዎች አብዛኛውን አውቃቸዋለሁ። ጾም ሳያጎድሉ፣ ደጃቸው ከድሃ ተለይቶ ሳያውቅ፣ በካንሰር ሲቃጠሉ ኖረው ያለፉ እናት አሉ። የወንድሞቹን ርስት ነጥቆ፣ ዘጠና ዓመት ደፍኖ፣ በልጅ ልጆቹ መካከል በሰላም ያሸለበም አለ። ይህ ለእኔ የተገለጠ አዲስ ነገር አይደለም። መክብብ ምዕራፍ 7 ላይ ጻድቁ በጽድቁ ሲጠፋ፣ ኃጥኡም በክፋቱ ዕድሜው ሲረዝም አየሁ ብሎ ጠቢቡ ቀድሞ ጽፎታል።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባጃጅ እየነዳ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አንድ ልጅ የጭነት መኪና ገጨብን። በድንኳኑ ውስጥ ለማጽናናት የተነሱ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ሞት ሲናገሩ ቆዩና፣ «የአባት ዕዳ ለልጅ ነው፤ እሱ የሚሠራውን ያውቃል» ብለው ተቀመጡ። የልጁ አባት በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሹም ነበር፤ ቂም የያዘበት ሰው እስካሁን አለ። ማንም ስም አልጠራም፣ ግን ለማን እንደተባለ ያልገባው አልነበረም። የሟች አባት አንገቱን ደፍቶ ነጠላውን በፊቱ ላይ ሳበው።

በሠልስቱ ሴቶቹ ንፍሮ ሲያዞሩ እናትየዋ የጋቢዬን ጫፍ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ አንቱ መጽሐፍ ያነባሉ። ልጄን የገደልነው እኔና አባቱ ነን ማለት ነው?» አለችኝ። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 18 ትዝ አለኝ። በእስራኤልም እንዲህ ያለ ተረት ነበራቸው፤ አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ ይሉ ነበር። እግዚአብሔር ግን ይህን ምሳሌ ከእንግዲህ እንዳትናገሩት ብሎ ከለከላቸው፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም አለ። ይህን ነገርኳት። «ታዲያ ለምን?» አለች። አላውቅም አልኳት። ዛሬም ብትጠይቀኝ ከዚያ የተሻለ መልስ የለኝም፤ የዓምዱ ጸሐፊም ያላቸው አይመስለኝም።

የኢዮብ ወዳጆች የተባረከ ሥራ የሠሩት ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡበት ጊዜ ነው። ያ የእኛ ለቅሶ ደንብ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አፋቸውን ከፈቱ፤ ኤልፋዝ ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው አለው፣ በልዳዶስ ልጆችህ በድለው ይሆናል አለው፣ ሶፋር ደግሞ ገና ከሚገባህ ያነሰ ነው የተቀጣኸው አለው። ሰው ይህን ሁሉ ሲያነብ መልካም ስብከት ሊመስለው ይችላል፤ ስለ እግዚአብሔር ተቆርቁረው ነው የሚናገሩትና። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በሚያማርረው ኢዮብ ላይ አልነበረም። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ያለው ለእነዚያ ጠበቆቹ ነው። ይቅርታ ያገኙትም ኢዮብ ጸልዮላቸው ነው። የዓምዱ ጸሐፊ ስለ ኢዮብ አንድ መስመር አለመጻፋቸው አሳዝኖኛል።

እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልናስብበት ይገባናል። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ከተማችንን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። የንብ መንጋ ወጥቶ ጠበቀው ብለው ወላጆቻችን ነግረውናል፤ እኔም ለልጆቼ እነግራለሁ፣ አምናለሁም። መትረፍ የጽድቅ ምስክር ከሆነ ግን የተቃጠሉትስ? ታቦታቸውን ይዘው የተሰደዱት፣ በመቅደሱ ደጅ የታረዱት ካህናትና ምእመናን ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰዎች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ሊባል ነው? ይህን የሚል ጎንደሬ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የተረፈውን አይተን ስለ ምሕረቱ እናመሰግናለን፣ የሞቱትን ሰማዕታት እንላለን። ያ እሳት ሳይረሳ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ራብ ተከተለ፤ ሲያልቅም ሕፃኑን ከሽማግሌው፣ ደጉን ከክፉው አልለየም። ለቅድመ አያቶቻችን የሰጠነውን ክብር ባጃጅ ለሚነዳ ልጅ መንፈጋችን ለምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የመላእክቱን ፊት ያያል። ከመቅደሱ ፊት ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሥላሴ ከላይ፣ ስቅለቱ ከሥር ተሥሏል። ኃጢአት የሌለበት አንዱ ነው እዚያ እንጨት ላይ ተቸንክሮ ያለው። ሰፈራችን አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ የጻድቁን ሥዕል ስንሳለም አንድ እግራቸው ተለይቶ እናያለን፣ በጸሎት ብዛት ቆመው ሳለ እንደ ተሰበረ ገድላቸው ይናገራል። ያንን ሥዕል ተሳልሞ የወጣ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ እግር የሌለውን ነዳይ አይቶ «ምን ቢያደርግ ነው?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቅጣት የለም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በመፃጉዕ የሚነበበው ወንጌል ጌታ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን በሽተኛ ከፈወሰው በኋላ፣ ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ደግመህ አትበድል እንዳለው ይነግረናል። ወደ ዕብራውያን ሰዎች በተላከው መልእክትም ጌታ የሚወደውን ይቀጣል ተብሏል። ሰክሮ የሚነዳ ይገለበጣል፣ ጉቦ የበላ ዳኛ እንቅልፍ ያጣል፤ ሰው የዘራውን ያጭዳል። እኔም በራሴ ላይ የደረሰውን አንዳንድ ነገር ይህ ለትምህርቴ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ፣ ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ግን ያንን የማለት መብት የባለቤቱ ነው። መፃጉዕን ያስጠነቀቀው ልብን የሚመረምረው ጌታ ነው፤ እሱም ለብቻው ቤተ መቅደስ ውስጥ አግኝቶ ነው የነገረው። ድንኳን ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት፣ ልጅ ለቀበሩ ወላጆች አልተናገረውም። የሰሊሆም ግንብ ስለ ገደላቸው አሥራ ስምንት ሰዎች በተናገረ ጊዜም ከሌላው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ፣ አይደለም ካለ በኋላ የንስሐውን ቃል ያዞረው ወደ ቆሙት፣ ወደ ሚሰሙት ነው።

ዮሐንስ ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን በደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። እሱም ወላጆቹም አልበደሉም፣ የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥበት ነው አላቸው። ከዚያ ምራቁን እንትፍ ብሎ ጭቃ ለወሰ። ይህን ሳነብ አባቴ ስለ ደምቢያ የሚያወራው ይታወሰኛል። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ፤ ቀባሪ የጠፋበት መንደር እንደነበረ አባቴ ይናገር ነበር። ያኔም የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ያለ ብዙ ነበር። ወባን የሚያስተላልፈው ግን ከጣና ዳር ረግረግ የሚፈለፈል ትንኝ ነው፤ ትንኝ ደግሞ ጻድቅና ኃጥእ አይለይም። በ1947 ዓ.ም. እዚህ ጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲከፈት ለመከፈቱ አንዱ ምክንያት ያ እልቂት ነበር። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖችና ነርሶች በበቅሎም በእግርም ገጠር ለገጠር እየዞሩ ስንቱን አተረፉ። የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥ የተባለው እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። የሥጋ ደዌንም እንዲሁ ስንት ዘመን መርገም ነው ብለን ሰዎቹን ከማኅበር ለይተን፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስቀምጠን ኖርን፤ ዛሬ በኪኒን ይድናል።

ስለ በረከቱ ብዙ አልልም። ባለጠጋውና አልዓዛር በሉቃስ ምዕራፍ 16 አሉ፤ ቀይ ሐር የለበሰው የት እንደ ገባ፣ ውሾች ቁስሉን የላሱለትስ በማን እቅፍ እንዳረፈ ሁሉም ያውቃል። በደብረ ዘይት እሑድ ስለ ዳግም ምጽአቱ እየተማርን፣ ሂሳቡ የሚወራረደው በዚያን ቀን እንደሆነ እየሰማን፣ ፎቅ ለሠራ ሁሉ «እግዜር የወደደው» ማለት ከየት እንዳመጣነው አይገባኝም። ዮሐንስ አፈወርቅ እንኳ፣ ያ ሁሉ ትምህርት የፈለቀበት አባት፣ በስደት መንገድ ላይ ነው የሞተው።

ያቺ እናት ከልጇ አርባ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁማለች። «ከበደልኩት ጋር እንዴት እቆማለሁ?» ትላለች። ንስሐ አባቷ እየተመላለሱ ያናግሯታል፤ እኔና ባለቤቴም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን፣ ስለዚህ ነገር እሷ ካላነሳችው አናነሳም። እድራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ነገር ለመወሰን ይዟል፦ በድንኳኑ ለማጽናናት የሚነሳ ሰው ስለ ሟቹም ሆነ ስለ ቤተሰቡ ኃጢአት እንዳይናገር፣ የተናገረም እንዲቀመጥ። የዓምዱን ጸሐፊ የምለምናቸው ደግሞ በሚቀጥለው እትም ስለ ኢዮብ መጽሐፍ መጨረሻ ምዕራፍ እንዲጽፉልን ነው። ጋዜጣውን ገዝቼ ለዚያች እናት እወስድላታለሁ።

የእድር ጸሐፊ
ከጎንደር፣ አዘዞ