ከመፈረማችን በፊት ንገሩን፦ ለመከላከያ ሚኒስቴር ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ መከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኮምፒውተር ተመራቂ መኮንን ስለሚሆንበት መንገድ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አሁን መኮንን መሆን እፈልጋለሁ። ሥራ ስላጣሁ ብቻ አይደለም፤ ሥራ መጥፋቱ ግን ውሸት አይደለም። እዚህ በዲግሪያችን የሚጠብቀን ወይ የባንክ አይቲ ነው፣ እሱም ከተገኘ፣ ወይ ደግሞ ዊንዶውስ መጫንና ፕሪንተር መጠገን። ጎበዞቹ አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ወይም ቤታቸው ቁጭ ብለው ለውጭ ድርጅት ይሠራሉ። መብራትና ኔትወርክ ከፈቀዱ ማለቴ ነው።

ወደ እናንተ የሳበኝ አባቴ ነው። በደርግ ጊዜ የመገናኛ ወታደር ነበር። ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ተኩስ አያነሳም፤ ሬዲዮና ባትሪ ነው ወሬው። "መገናኛ የሌለው ጦር ዕውር ነው" ይላል። ዛሬ ያ ሬዲዮ ኔትወርክ ሆኗል። ድሮኑም፣ ካርታውም፣ የስንቁ መዝገብም ያለ ሶፍትዌር አይንቀሳቀስም። ይህን የሚሠራና የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋችኋል። መርካቶ ቡና የምትሸጠው እናቴ ግን አልተዋጠላትም። "ዲግሪ ይዘሽ ወታደር? እሺ፣ እዚያ ሄደሽ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

መልስ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ያስተናገዱኝ አዛውንት እጅግ ትሁት ሰው ናቸው። ዲግሪዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና "ኮምፒውተር ነሽ? ጎሽ!" አሉ። ከሥልጠና በኋላ የምመደበው በሙያዬ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። "እሱ እዚያ ስትደርሺ ይታያል፣ ልጄ።" ወዲያው ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ኮምፒውተር ለምን እንደሚንቀራፈፍ ጠየቁኝ። ገብቼ አየሁት። ሃርድ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ግማሹ የሠርግ ቪዲዮ ነው። አጸዳሁላቸው። ሻይ ጋበዙኝ፣ መረቁኝ። ጥያቄዬ ግን እንዳለ ቀረ።

"ወታደር ምድብ አይመርጥም" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ቦታ አልመርጥም። ጠረፍ ብትልኩኝ እሄዳለሁ። እኔ የምለው ስለ ሙያው ነው። ሐኪም ወደ ሠራዊቱ ሲገባ በሐኪምነቱ እንደሚያገለግል ያውቃል። እኛስ? ሁለት ዓመት ኮድ ሳይነካ የከረመ ሰው ሲመለስ ግማሹን እንደ አዲስ ነው የሚማረው። "ለዚህ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) አለ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግንባር ላይ ያለ ሻለቃ ሲስተሙ ሲቋረጥበት ቀድሞ የሚጠራው ግን አጠገቡ ያለውን የራሱን ሰው ነው።

ከምደባው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማዕረጉ ነው። ጎበዝ ፕሮግራመር ሻምበል፣ ከዚያ ሻለቃ ቢሆን ደስ ይላል። ግን ማዕረጉ ሲያድግ ስብሰባውም ያድጋል፤ ኪቦርዱ ለሌላ ይተላለፋል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ጦር ዋራንት ኦፊሰር የሚባል የሙያ ማዕረግ አለው፤ ሰውዬው አዛዥ ለመሆን ሳይገደድ በሙያው እየጠለቀ ማዕረጉም አብሮ ያድጋል። አየር ኃይላቸው ይህን ማዕረግ መስጠት እ.ኤ.አ. በ1959 አቁሞ ነበር። በ2024 እንደገና ጀመረው፣ ያውም ለኮምፒውተርና ለሳይበር ሙያተኞች ነው። የቸገራቸው ባለሙያውን በሥራው ላይ ማቆየት ነበር። እስራኤል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ታልፒዮት በሚባለው ፕሮግራም ጎበዝ ወጣቶችን መርጣ፣ በወታደርነታቸው ዩኒቨርሲቲ ታስተምራቸዋለች። ሲጨርሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ሲገቡም ያውቁታል።

አንዲት ሴት ደግሞ ላንሳ፤ ለእናቴም ነግሬያታለሁ። ግሬስ ሆፐር በሒሳብ ዶክትሬቷን ይዛ እ.ኤ.አ. በ1943 የአሜሪካን ባሕር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ስትቀላቀል፣ ክብደቷ ከተፈለገው በታች ስለነበር በልዩ ፈቃድ ነው ያስገቧት። መድፍ አላስያዟትም። ሃርቫርድ ወደነበረው ማርክ 1 የተባለ ግዙፍ ኮምፒውተር ላኳት። በ1952 ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች (ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚረዳው ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) አንዱን ሠራች። በ1986 ጡረታ ስትወጣ ሪር አድሚራል ነበረች፣ ዕድሜዋም 79። በሚዛን ብቻ ቢለኳት ኖሮ ከበር ትመለስ ነበር። (እናቴ ይህን ሰምታ "እሷ ፈረንጅ ናት" ብላ ዘጋችው።)

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይፈልግም። በመስኩ የሚሠራ አንድ መኮንን ኪቶ ፉርዲሳ ድረስ ላኩልን። ምስጢር እንዲያወጣ አንፈልግም። አንድ ምክትል መቶ አለቃ በኮምፒውተር ሙያ ጠዋት ገብቶ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚያሠለጥነው፣ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ይንገረን። በምልመላ ማስታወቂያችሁ ላይም ከዕድሜና ከቁመቱ ጎን የሙያ ምደባው ይጻፍ። ፈተና ካላችሁ ፈትኑን፤ ኮድ አስጽፉን፣ የተበላሸ ሰርቨር ስጡን። ስንወጣስ? የሠራነው ምስጢር በመሆኑ ማሳየት የማንችል ከሆነ፣ ቢያንስ የሙያ ደረጃችንን የሚመሰክር ወረቀት ይሰጠን። አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ ቀጣሪ ፊት ባዶ ሲቪ ይዘን ነው የምንቆመው።

ሰው መላክ ካልተመቻችሁ የጽሑፍ መልስም ይበቃናል። ለጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላኩት፤ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልናል። ዘንድሮ የሚመረቁትም ያነቡታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ
ጅማ